ቀይ አፈር፣ ባዶ እግር እና አንድ ሊትር ውሃ

ልጅ ሳለሁ ክረምቱን የማሳልፈው ጎጃም ገጠር፣ አያቴ ዘንድ ነበር። ከአጥሩ ማዶ እኛ ልጆች «እትዬ» የምንላቸው አንዲት ጎረቤት ነበሩ። ቀሚሳቸው ከሌላው ሴት ሁሉ ይረዝማል፤ መሬት ይጠርጋል። ለቡና ሲጠሩ ከሁሉም ኋላ ይመጡና በሩ ጥግ ተቀምጠው እግራቸውን ከቀሚሱ ሥር ይሸሽጋሉ። አንድ ቀን እንጨት ለቅመው ሲመለሱ ጭቃው አዳልጧቸው ወደቁ፤ እግራቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከጉልበታቸው በታች እንደ ሙቀጫ አብጧል። ጣቶቻቸው ላይ ያለው ቆዳ የድንጋይ ሽበት የወረሰው ይመስል ሻክሮ ተቆልሏል። አያቴን ስጠይቃት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዝም በል፤ የዘር ነው» አለችኝ። ሌላው ሰው ደግሞ እባብ የሞተበትን ረግጠው ነው ይል ነበር፤ መጋኛ ነው የሚልም አልጠፋም።

በሽታው በአገራችን ብዙ ቦታ ዝሆኔ ይባላል። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል፤ በግሪክኛ እግርን እና አቧራን አጣምሮ የተሠራ ስም ነው። እዚህ ላነሳው የፈለግሁት ይህ በሽታ ስለሚያሳየን አንድ ጉዳይ ነው። «የዩኒቨርሲቲ ምርምር ለእኛ ለተራው ሰው ምን ፈየደ?» የሚል ጥያቄ በየቡና ቤቱ ይነሳል፤ ተገቢም ጥያቄ ነው። ለእኔ ከዚህ በሽታ ታሪክ የተሻለ መልስ የሚሰጥ አላገኘሁም፤ ምክንያቱም መጨረሻ ላይ የተገኘው መፍትሔ ሳሙና፣ ውሃ፣ ቫዝሊን እና ጫማ ነው። እነዚህ ሁሉ ከምርምሩ በፊትም ሱቅ ውስጥ ነበሩ። ታዲያ ተመራማሪዎቹ የሠሩት ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ቆጠሩ። ኡመን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኢትዮጵያ ገበያዎች እየተዘዋወረ የገበያተኛውን እግር ይቆጥር ነበር። ዘዴው ብልህ ነው። በዚያ ዘመን ገጠር ውስጥ ቤት ለቤት መዞር ከባድ ነው፤ በገበያ ቀን ግን አገሩ በሙሉ በራሱ እግር ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመው ውጤት በአማካይ ከ100 ገበያተኛ ወደ 3 የሚጠጉት እግራቸው ያበጠ መሆኑን አሳየ። ገበያ የሚመጣው መራመድ የቻለ ብቻ እንደሆነ ስናስብ ቁጥሩ ይበልጥ ያስደነግጣል።

የዚያን ጊዜ የሕክምና ትምህርት ዝሆኔን የሚያውቀው በትንኝ አማካይነት በሚተላለፍ ቀጭን ትል የሚመጣ በሽታ አድርጎ ነበር። ያ በሽታ አለ፤ በአገራችን ቆላማ አካባቢዎችም ይገኛል። ነገር ግን በደጋው ሰዎች ደም ውስጥ ትሉ አይገኝም፤ ትሉን የምታስተላልፈው ትንኝም ደጋ ላይ እንደልቧ አትኖርም። እብጠቱም ይለያል። ትሉ የሚያመጣው እስከ ብሽሽትና ከዚያም በላይ ሊሄድ ሲችል፣ የደጋው ከእግር መዳፍ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት አያልፍም። እንግዲህ ያለ ትል የሚያሳብጠው ምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ አንስቶ አልተውም ያለው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ቀደም ሲል የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያክም ስለነበር እግር ማየት ለምዷል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ በሽታው የሚበዛበትን ቦታ ከአፈሩ ጋር እያመሳከረ ተከተለ። በሽታው የሚገኘው ከባሕር ወለል በላይ ከ1000 ሜትር ከፍ ያለ፣ ዝናብ የሚበዛበት፣ ከጥንታዊ እሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ ሸክላማ አፈር ባለበት አገር ሆኖ አገኘው። ያንን አፈር የምናውቀው እናውቀዋለን። ሲዘንብ እግር ላይ ይለጠፋል፤ ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይቦናል፤ ነጭ ልብስ ከነካ አይለቅም።

ከዚያም ፕራይስ ወደ ሰውነት ውስጥ ገባ። በባዶ እግራቸው ከሚሄዱ ሰዎች ብሽሽት ላይ የንፍፊት እጢ ተወስዶ ሲመረመር፣ ውስጡ ከአፈር የመጡ እጅግ ረቂቅ የማዕድን ብናኞች ተገኙ፤ በአብዛኛው ሲሊከንና አሉሚኒየም ያለባቸው ናቸው። ይህ ማለት አፈሩ በቆዳ በኩል ሰውነት ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብለን ሰውነታችን ውስጥ የሚሆነውን እንይ። ከደም ሥር ሌላ ሊምፍ የሚባል ፈሳሽ የሚሄድባቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች አሉን። ሥራቸው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሥራ ነው፤ ከደም ሥር አምልጦ በሥጋ መካከል የሚቀረውን ፈሳሽ ሰብስበው ወደ ደም ይመልሱታል። የማዕድኑ ብናኝ በቆዳ አልፎ ሲገባ የሰውነት ዘበኛ የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳት ይውጡታል። ማዕድን ግን አይፈጭም፤ አይሞትም። ዘበኞቹ ሊያጠፉት ባለመቻላቸው ይቆጣሉ፤ ቁጣው ቦዩን ያቆስላል፤ ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳውም ቦዩን ይደፍነዋል። ይህ በአንድ ወር የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ ዓመታት ይወስዳል። ቦዩ ሲደፈን ፈሳሹ መሄጃ ያጣና እግር ውስጥ ይጠራቀማል። መጀመሪያ የእግር ቆዳ ያሳክካል፤ ማታ ማታ መርገጫው ይቃጠላል፤ ጠዋት የሌለ እብጠት ማታ ይታያል። ቆይቶ እብጠቱ ሌሊትም የማይሄድ ይሆናል።

አሁን የአያቴን ንግግር እናንሳ። «የዘር ነው» ያለችው ውሸት ነበር?

ፕራይስ ብናኙን ያገኘው በታመሙት ሰዎች እጢ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በዚያው አካባቢ በባዶ እግራቸው እየሄዱ ባልታመሙትም ውስጥ አግኝቶታል። በአንድ ማሳ፣ በአንድ አፈር የሚውሉ ሁለት ሰዎች አንዱ ታሞ ሌላው ጤነኛ ይሆናል። ይህን እንቆቅልሽ ከብዙ ዓመት በኋላ ያነሱት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች ናቸው። በዩኒቨርሲቲው የሕብረተሰብ ጤና ታስተምር የነበረችው እንግሊዛዊት ሐኪም ጌይል ዴቪ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቿ ጋር በወላይታ በሽታው የሚደጋገምባቸውን ቤተሰቦች በየትውልዱ መዘገበች። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ውጤት የታመመ እህት ወይም ወንድም ያለው ሰው የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ወደ 5 እጥፍ እንደሚደርስ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ እነ ፋሲል ተኮላ የ194 ሕሙማንንና የ203 ጤነኞችን ዘረ መል አወዳድረው፣ ልዩነቱ ያለው የሰውነት መከላከያ ባዕድ ነገርን በሚለይበት ክፍል ላይ መሆኑን አሳተሙ። በቀላል አነጋገር፣ የአንዳንዱ ሰው ዘበኛ ለዚያ ብናኝ ከሌላው ይልቅ ይቆጣል።

ስለዚህ አያቴ ግማሽ እውነት ይዛ ነበር። ከባዱ ነገር ግን ይህ ግማሽ እውነት ያደረሰው ጉዳት ነው። በብዙ አካባቢ ሽማግሌ ልጅ ለመጠየቅ ከመሄዱ በፊት «ከዘሩ ዝሆኔ አለ ወይ?» ተብሎ ይጣራል። አለ ከተባለ ጋብቻው ይቀራል፤ ተጋብተው ከነበረም ይፋታሉ። የታመሙ ልጆች ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። ለቅሶ ቤት፣ ማኅበር፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያቆሙም ጥቂት አይደሉም። ተመራማሪዎቹም «የዘር ድርሻ አለው» የሚለው ውጤታቸው ይህን መገለል እንዳያባብሰው ሰግተው ነበር። በወላይታ ወላጆችን ሲያነጋግሩ ያገኙት አሳሳቢ ነገር ነበር። «የዘር ነው» ብሎ የሚያምን ቤተሰብ በሽታው ካለበት «ጫማ ምን ሊያደርግ፣ የማይቀር ነው» ሊል ይችላል፤ ከሌለበት ደግሞ «እኛን አይነካንም» ብሎ ልጁን በባዶ እግር ይሰዳል። ሁለቱም መንገድ የሚያደርሰው እዚያው ባዶ እግር ላይ ነው። እውነቱ መነገር ያለበት ባልተቆረጠ መልኩ ነው፦ የሚወረሰው በሽታው አይደለም፤ የሚወረሰው የአፈሩን ብናኝ ያለመቻል ነው። አፈሩ እግር ካልነካ በሽታው የለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

ለዚህ ማስረጃው ከአገራችን ውጭም አለ። ፕራይስ ከታሪክ መዛግብት እንዳጠናው፣ ሰሜን አፍሪካ ውስጥ በአልጄሪያ፣ በቱኒዝያና በሞሮኮ፣ በካናሪ ደሴቶች፣ በአውሮፓም በፈረንሳይ፣ በአየርላንድና በስኮትላንድ ተመሳሳይ በሽታ ነበር። ጫማ የተለመደ ነገር ሲሆን ጠፋ። መድኃኒት የሰጠ፣ ክትባት የከተበ ማንም አልነበረም።

ምክንያቱ እንዲህ ከታወቀ ለምን ወዲያው ሥራ አልተጀመረም? ብዙ ሰው ምርምርን የሚታዘበው እዚህ ላይ ነው፤ «አውቀው ዝም አሉ» ይላል። የጤና በጀት የሚመድብ ሰው ግን «ምክንያቱ ምንድን ነው?» በሚለው ብቻ አይረካም። ስንት ሰው ታሟል? የት? ምን ያህል ያከስራል? ብናክማቸው ምን ያህል ይሻላቸዋል? ይላል። ወባ፣ ቲቢና ኤችአይቪ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ቁጥር ይዘው ተሰልፈዋል። ይህ በሽታ ግን ሰው አይገድልም፤ የሚይዘው ድሃ ገበሬ ነው፤ ወገን አልነበረውም።

ኪሳራውን ለማስላት የወላይታ ሕሙማን ሥራ የሚሠሩበትና የሚተኙበት ቀን ተመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ጥናት አንድ ሕመምተኛ በዓመት ከሥራ ቀኑ 45 በመቶ ያህሉን እንደሚያጣ ታወቀ። ለወላይታ ዞን ብቻ ሲሰላ ኪሳራው በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 በሽታውን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ጋር አብሮ አነሳው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ከበደ ደሪቤና ባልደረቦቹ በአገር አቀፍ ደረጃ ወደ 130 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን እግር አዩ። እግሩ ያበጠውን ሁሉ ዝም ብለው አልቆጠሩም፤ ከጣት ደም እየወሰዱ በትሉ የተያዘውን ለዩ፤ የሥጋ ደዌንና ሌሎች ምክንያቶችንም አጣሩ። ከአዋቂዎቹ 4 በመቶው በሽታው ነበረባቸው። ወደ አገሪቱ ሕዝብ ሲመነዘር ወደ 1.5 ሚሊዮን አዋቂ ማለት ነው። ካርታው ከተሠራ በኋላ የትኛው ወረዳ ሳሙናና ጫማ እንደሚያስፈልገው በስም መናገር ተቻለ።

የቀረው ጥያቄ ከባዱ ነበር፦ እግር መታጠቡና ጫማ መጫማቱ ለታመመ ሰው በእርግጥ ይሠራል? በወላይታ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሕሙማን በበጎ አድራጎት ክሊኒኮች በዚህ መንገድ ሲረዱ ኖረዋል፤ የተሻላቸውም ብዙ ናቸው። «ተሽሎታል» ማለት ግን በቂ አይደለም። ምናልባት በጋ ስለገባ ይሆናል፤ ምናልባት ወደ ክሊኒክ የሚመጣው መንገድ የቻለና ቀድሞም የተሻለው ይሆናል። ይህን ለመለየት ያለው መንገድ ዕጣ ነው።

ዕጣው የተጣለው በምሥራቅ ጎጃም ነው። 696 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። የአንደኛው ወገን ሕሙማን እግር አስተጣጠብ፣ ቆዳ አጠባበቅና እግር አጠማጠም ተማሩ፤ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ተሰጣቸው። የሌላው ወገን ዓመት ሙሉ እንደ ወትሮው ኖረና ከዚያ በኋላ ያንኑ አገኘ። በዋናነት የተለካው የእግር ውፍረት አልነበረም። የተለካው ሕሙማኑ ከሁሉ በላይ የሚፈሩት ነገር ነው፦ የእግሩ ድንገተኛ መቆጣት። ተህዋስያን በተሰነጠቀው ቆዳ ገብተው እግሩን ሲያስቆጡት ሰውዬው ያተኩሰዋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ እግሩ እንደ ፍም ይሆናል፤ ለቀናት ከአልጋ አይነሳም። ብዙ ሰው «ምች መታኝ» የሚለው ይህን ነው።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ መጽሔት ወጣ። እንደ ወትሮው የኖሩት አንድ ሰው በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ይነሳበታል። እግራቸውን የተንከባከቡት 19.4 ጊዜ። አንባቢ ይህን ሲያይ «ይኼው ነው?» ሊል ይችላል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ አልኩ። ነገር ግን ለአንድ ሰው በዓመት ከ4 በላይ የሚሆን መውደቅ ቀርቷል። አንዱ በእርሻ ሰሞን፣ አንዱ በአጨዳ ሰሞን፣ አንዱ በልጅ ሠርግ ላይ ሊወድቅ የሚችል ነበር። ለዚያውም በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ባለበት ቀበሌ፣ በሳሙናና በውሃ። በሌላ በኩል 19 ጊዜም እጅግ ብዙ ነው፤ የቆየ እብጠት በአንድ ዓመት እንክብካቤ አይጠፋም። ጥናቱ ሁለቱንም በግልጽ ስላሳየ አምነዋለሁ።

ከሁሉም ጥናቶች ልቤን የነካው ግን ትንሿ ናት። የተለመደው አስተጣጠብ እግሩን በሳሙና ካጠቡ በኋላ ጥቂት በረኪና በተጨመረበት 6 ሊትር ያህል ውሃ መዘፍዘፍና ከዚያ ቫዝሊን መቀባት ነው። በየቀኑ። አሁን ያችን ጎረቤታችንን አስቧት። ምንጩ ቁልቁለት ወርዶ ነው። ባበጠ እግር ወርዳ፣ ጀሪካን አዝላ ዳገት ትወጣለች፤ ካመጣችው 20 ሊትር 6ቱን እግሯ ላይ አፍስሺ ትባላለች፤ ቤት ውስጥ ወጥ የሚሠራበት፣ ልጅ የሚታጠብበት ሌላ ውሃ የለም። አንዲት ተመራማሪ ይህን አይታ ጥያቄውን ገልብጣ ጠየቀች፦ ውሃውን ብንቀንሰውስ? 6 ሊትሩን ወደ 1 ሊትር አውርዳ 2 በመቶ ግሊሰሪን ጨመረችበት፤ ግሊሰሪን እርጥበትን ቆዳ ላይ የሚያቆይ፣ በርካሽ የሚገኝ ነገር ነው። ሕሙማኑን በዕጣ ከፍላ ቆዳቸው እርጥበትን ምን ያህል እንደሚይዝ ለካች። በ1 ሊትሩ የታጠቡት ቆዳ ከ6 ሊትሩ ይበልጥ ተሻለው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ታተመ። ጋዜጣ ላይ ርዕስ የሚሆን ግኝት አይደለም። ለአንዲት ሴት ግን በቀን 5 ሊትር፣ በሳምንት 35 ሊትር ያልተሸከመችው ውሃ ነው።

እንግዲህ ቅድም ላነሳሁት ጥያቄ መልሴ ይኸው ነው። ተመራማሪዎቹ ጫማን አልፈጠሩም። ጫማ ለዚህ እግር መድኃኒት መሆኑን፣ ስንት እግር እንደሚፈልገውና የት እንደሚገኝ፣ ምን ያህል እንደሚያሽለው በማያከራክር መንገድ አሳዩ። ከዚያ በኋላ በሽታው በጤና ሚኒስቴር ዕቅድ ውስጥ ገባ። በአዊ ዞን ደግሞ ሕክምናው ከበጎ አድራጎት ክሊኒክ ወጥቶ በመንግሥት ጤና ጣቢያ እንዲሰጥ፣ ለሕሙማኑ የአእምሮ ጤና ድጋፍም አብሮ እንዲታከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ሙከራ ተካሂዷል።

የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ያሉበት ሰው ካለ አሁኑኑ ጫማ ያድርግ፤ ማታ ማታ እግሩን በሳሙና ይታጠብ፤ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ያድርቅ፤ ቫዝሊን ይቀባ፤ ሲቀመጥ እግሩን ከፍ ያድርግ። በጊዜ የተያዘ እብጠት ሊጠፋ ይችላል። ጫማው የተሸፈነ ይሁን፤ በረባሶ መርገጫውን ከእሾህ ያድናል እንጂ አፈሩን አያስቀርም።

አንድ ያልተፈታ ነገር አለ፤ እኔንም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ገጠር ውስጥ ጫማ ያለው ሰው ሁልጊዜ አያደርገውም። ለገበያና ለቤተ ክርስቲያን ያስቀምጠዋል። ሞፈሩን ይዞ ሲወርድ፣ ቀዩ አፈር ለስልሶ እስከ ቁርጭምጭሚት በሚውጥበት በሰኔ እርሻ ላይ ጫማውን አውልቆ ድንበሩ ላይ ያኖረዋል፤ ጭቃ ይይዝበታል፣ ይከብደዋል፣ ከበሬው እኩል መራመድ ያቅተዋል። አፈሩ ከእግሩ ጋር ይበልጥ የሚገናኘው ደግሞ ያን ጊዜ ነው። ገበሬ ሊያርስበት የሚችል፣ ጭቃ የማይጨብጥ፣ ቀላል፣ ዋጋውም ከአንድ ዶሮ የማይበልጥ ጫማ ማን ይሥራልን? የእኛዎቹ የኢንጂነሪንግና የቆዳ ቴክኖሎጂ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ርዕስ ሲፈልጉ ይህን ቢያነሱት እወዳለሁ። ሲሠሩት ግን መጀመሪያ አንድ የሰኔ ቀን ከአራሹ ኋላ በባዶ እግራቸው ይሂዱ፤ ማታ ግን እግራቸውን በሳሙና ይታጠቡ።